ከግቢ የማይወጣ ዋንጫ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ቡድን የሆነው የጃክሰንቪል ጃጓርስ ባለቤት ሻሂድ ካን አርበን ማየርን ዋና አሠልጣኝ አድርጎ ሲቀጥር፣ ምርጫው ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስልም ነበር። ማየር በኮሌጅ ፉትቦል ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሁለት፣ ከኦሃዮ ስቴት ጋር አንድ ብሔራዊ ዋንጫ የወሰደ ሰው ነው። ኦሃዮ ስቴትን በመራባቸው ሰባት ዓመታት 83 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈው ዘጠኝ ጊዜ ብቻ ነበር። በዚያ ላይ ጃጓርስ የዓመቱ ድራፍት (የአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ) ቀዳሚ መራጭ ስለነበረ፣ ሁሉም የሚመኘው ኳርተርባክ ትሬቨር ሎውረንስ እጁ ሊገባ ነው። ዓመቱ ሳያልቅ፣ በዲሴምበር አጋማሽ፣ ማየር ተሰናበተ። ከ13 ጨዋታ ያሸነፈው ሁለቱን ነው። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ተተኪው ዶግ ፒደርሰን ያንኑ ኳርተርባክ ይዞ የምድቡ አንደኛ ሆነ፤ በጥሎ ማለፉም በቻርጀርስ 27 ለ 0 ከተመራ በኋላ 31 ለ 30 ረታ።

ከስንብቱ በኋላ የተወራው ሁሉ ስለ ማየር ጠባይ ነበር። ለወሬ የሚሆን ነገርም አልጠፋም። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተጫዋቾች ዘረኛ በደል ፈጽሞብናል ያሉትን የአካል ብቃት አሠልጣኝ ቀጥሮ፣ ቅጥሩ በተገለጸ ማግስት ሰውየው በተቃውሞ ብዛት ለቀቀ። ሲንሲናቲ ላይ ተሸንፈው ቡድኑ ወደ ጃክሰንቪል ሲበር ዋና አሠልጣኙ ኦሃዮ ቀረ። ጆሽ ላምቦ የተባለው ተጫዋች ማየር በልምምድ ሰዓት እግሬን በእርግጫ መታኝ አለ፤ ማየር በበኩሉ ነገሩ እንደተባለው አልነበረም ብሎ አስተባበለ። ይህን ሁሉ አንሥቶ “ጠባዩ ነው” ብሎ ፋይሉን መዝጋት ቀላል ነው። ግን ያን ጊዜ ማየር ብቻ ይጠየቃል፤ ማየርን ያስቀጠረው እምነት ሳይነካ ያልፋል። እምነቱም በኮሌጅ ያሸነፈ በኤንኤፍኤልም ያሸንፋል የሚለው ነው። እኔ የምከሰው ይህን እምነት ነው፤ ከማየር በፊት ብዙ ቡድን አፍርሷል፣ ዛሬም ከባለቤቶች ቢሮ አልወጣም።

በኮሌጅ ድል ማለት በመጀመሪያ ደረጃ ተጫዋች የመሰብሰብ አቅም ነው። አሠልጣኙ በየክፍለ ሀገሩ እየዞረ የ17 እና የ18 ዓመት ልጆችን ያያል፤ ሳሎናቸው ገብቶ ከእናት ከአባታቸው ጋር ይቀመጣል፤ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ስታዲየሙ፣ ስለ ወደፊቱ ሕይወት ያወራል። ስሙ የገነነ፣ ገንዘቡ የበዛ ዩኒቨርሲቲ ከሌሎቹ አስቀድሞ ይመርጣል። ባሸነፈ ቁጥር ደግሞ የበለጡ ልጆች ይመጡለታል፤ እነሱ ሲመጡ እንደገና ያሸንፋል። ለረጅም ጊዜ አንድ ትልቅ ቡድን እስከ 85 ልጅ ድረስ በነጻ ትምህርት መያዝ ይችል ነበር፤ ኦሃዮ ስቴት ወይም አላባማ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የሚያስቀምጠው ልጅ ሌላ ግቢ ቢሄድ ኮከብ ይሆን ነበር። በብዙ ቅዳሜዎች ጨዋታው የሚያልቀው ከመጀመሩ በፊት ነው።

ኤንኤፍኤል ይህንኑ አቅም በሕግ ያገደ ሊግ ነው። በድራፍት ቀድሞ የሚመርጠው መጨረሻ የወጣው ቡድን ነው፤ አሸናፊው ወረፋው መጨረሻ ይደርሰዋል። የደመወዝ ጣሪያ ስላለ ሀብታሙ ባለቤት ኮከቦችን ሁሉ ጠቅልሎ መያዝ አይችልም። 32 ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዳቸው የሚመዘግቡት 53 ተጫዋች ነው፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው የችሎታ ልዩነት በኮሌጅ ካለው ጋር አይነጻጸርም። እንግዲህ ባለቤቱ ያንን 83 ለ 9 የሚል ውጤት አይቶ ሲቀጥር ምን እየገዛ ነው? ውጤቱን ያስገኘውን ዋናውን መሣሪያ የራሱ ሊግ አይፈቅድም። የቀረውን፣ ማለትም ያልመረጥከውን ተጫዋች ይዞ ካንተ እኩል የሆነን ቡድን የመርታት ጥበብን፣ የኮሌጁ ውጤት ለብቻው አያሳይም።

ሁለተኛው ነገር ሥልጣን ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ከፍተኛውን ደመወዝ የሚያገኘው የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ነው፤ ገዢው ራሱ አይደርስበትም። በግቢው ውስጥ ቃሉ ሕግ ነው። ከፊቱ የሚቆመው ልጅ 19 ዓመቱ ነው፤ የሚጫወትበትም የሚታይበትም ዕድል በዚህ ሰው እጅ ነው። ኤንኤፍኤል ሲመጣ ከፊቱ የሚቆመው የ32 ዓመት ሰው ነው፤ ሚስትና ልጆች፣ ወኪል፣ የሠራተኛ ማኅበር አለው፤ አንዳንዴም ከአሠልጣኙ የበለጠ ይከፈለዋል። ይህን ሰው በቁጣና በቅጣት መምራት አይቻልም። እሑድ የሚያሸንፍበትን ነገር አሳየው፣ ይከተልሃል፤ ካላሳየኸው ግን ድምፅህን ብታነሣ አይሰማህም።

ቦቢ ፔትሪኖን ላንሣ። ከሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ በ2007 አትላንታ ፋልከንስን ሊመራ መጣ። ዕድሉም ጠማማ ነበር፤ ቡድኑ የተገነባበት ኳርተርባክ ማይክል ቪክ በውሻ ማፋለም ወንጀል ተከሶ አንድ ጨዋታ እንኳ አልተሰለፈለትም። በዲሴምበር 10 ቪክ የ23 ወር እስራት ተፈረደበት፤ የዚያኑ ምሽት ፋልከንስ ተሸነፈ። በማግስቱ ፔትሪኖ ሥራውን ለቀቀ። ተጫዋቾቹ ወደ መልበሻ ክፍል ሲገቡ በየሳጥናቸው ላይ አራት ዓረፍተ ነገር ያለው የስንብት ወረቀት አገኙ። እሱ በዚያው ምሽት አርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ ከደጋፊዎች ጋር ይዘምር ነበር። የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ ሦስት ጨዋታ ቀርቶት ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ መሪ የሚሉትን ተጫዋችም አሠልጣኝም ያጡ አዋቂ ሰዎች ያን ወረቀት ሲያነቡ የተሰማቸውን መገመት አያስቸግርም።

በዋሽንግተንና በዙሪያዋ የቆየ ሐበሻ ደግሞ የራሱን ከተማ ታሪክ ያስታውሳል። ስቲቭ ስፐሪየር በ1996 ፍሎሪዳን ሻምፒዮን ያደረገ፣ ኳስ በአየር በማጥቃት የተካነ አሠልጣኝ ነበር። በ2002 የዋሽንግተን ቡድን ባለቤት ዳን ስናይደር ለአምስት ዓመት 25 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ አመጣው። ስፐሪየር ከመጣ በኋላ ያደረገው ነገር ብዙ ይናገራል። ዳኒ ወርፈልንና ሼን ማቲውስን፣ በፍሎሪዳ ያሠለጠናቸውን ሁለት ኳርተርባኮች፣ ወደ ዋሽንግተን ጠራ። በኮሌጅ ያሸነፈለትን መንገድ የሚያውቁት እነሱ ነበሩና። የመጀመሪያው ዓመት 7 ድል በ9 ሽንፈት፣ ሁለተኛው 5 በ11 ሆኖ አለቀ፤ ወጣቱ ፓትሪክ ራምሲ ከለላ በሌለው የማጥቃት ስልት ውስጥ ሆኖ በተከላካዮች ሲደበደብ ከረመ። ስፐሪየር የቀረውን የሦስት ዓመት ክፍያ ትቶ ሄደ። ለዚህ ክብር ይገባዋል፤ ብዙዎች አያደርጉትም።

የድሮ ተጫዋቾቹን ፍለጋ ላይ ስፐሪየር ብቻውን አይደለም። ቺፕ ኬሊ በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ 46 አሸንፎ 7 ከተሸነፈ በኋላ ፊላዴልፊያ ኢግልስን ያዘ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታትም ሌሎች የመረጡለትን ተጫዋቾች ይዞ በሁለቱም 10 ለ 6 አመጣ። በ2015 ተጫዋች የመምረጡ ሥልጣን ለራሱ ተሰጠው። ሻምፒዮን ሯጩን ለሾን መኮይን ሰጥቶ በምትኩ ያመጣው በኦሪገን ያሠለጠነውን ኪኮ አሎንሶን ነው። አንድ ጨዋታ ሲቀር በ6 ድል በ9 ሽንፈት ተባረረ። ማየርም ቲም ቲቦን፣ በፍሎሪዳ ዋንጫ ያነሣለትን ኳርተርባክ፣ ለዓመታት ከሊጉ ርቆ ሳለ በሌላ ቦታ ሊያሰልፈው አምጥቶ ከአንድ የቅድመ ውድድር ጨዋታ በኋላ አሰናበተው። ሦስቱም ሲጨንቃቸው እጃቸውን የዘረጉት ወደ ግቢያቸው ነው። ለምን ቢባል፣ ሲያሸንፉ የኖሩት በእነዚያ ልጆች ነበርና።

የኮሌጅ አሠልጣኝ ደጋፊዎች የኒክ ሳባንን የማያሚ ዶልፊንስ ውድቀት ሲያነሡባቸው መልሳቸው የተዘጋጀ ነው። ሳባን በ2006 ኳርተርባኩን ድሩ ብሪስን አስፈርሞ ቢሆን ኖሮ ይላሉ። እውነት ነው፣ የማያሚ ዶልፊንስ ሐኪሞች የብሪስን ትከሻ ተጠራጥረው ቡድኑ ዳንቴ ካልፔፐርን አመጣ፤ ብሪስ ኒው ኦርሊንስ ሄዶ የሊጉን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦልን፣ ወሰደ። ሳባን በሁለት ዓመት 15 አሸንፎ 17 ተሸንፎ ወደ አላባማ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ እዚያም ስድስት ብሔራዊ ዋንጫ አነሣ። ግን ይህ መልስ የእኔን ክስ ያጠናክረዋል። ኤንኤፍኤል ውስጥ አንድ የትከሻ ምርመራ የአንድን ታላቅ አሠልጣኝ ዘመን ይዘጋል፤ አላባማ ላይ ግን አንዱ ልጅ ቢቀር ከኋላው ሌላ ይሰለፋል። ያው ሰው ነው፣ ያው ጥበብ ነው፤ የተለየው የሚሠራበት ሕግ ነው።

የተሳካላቸውን እንይ። ቢል ዋልሽ በሳን ፍራንሲስኮ ሦስት ሱፐር ቦል ያሸነፈው ከስታንፎርድ መጥቶ ነው፤ ነገር ግን በስታንፎርድ ብሔራዊ ዋንጫ አላገኘም፣ ከዚያ በፊትም በሲንሲናቲ ቤንጋልስ ለዓመታት ረዳት ነበር። ፒት ካሮል ሲያትልን ሻምፒዮን ከማድረጉ በፊት፣ ከደቡብ ካሊፎርኒያው ዩኒቨርሲቲም በፊት፣ በኤንኤፍኤል ሁለት ጊዜ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ሁለት ጊዜ ተባሯል። ጂም ሃርቦ ሳን ፍራንሲስኮን ለሱፐር ቦል ያበቃው ራሱ ለዓመታት የሊጉ ኳርተርባክ ሆኖ ከተጫወተ በኋላ ነው፤ የመጣውም ከስታንፎርድ ነው። ሁለት ጊዜ ስታንፎርድ መምጣቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ስታንፎርድ የመግቢያ ውጤቱ ከባድ ስለሆነ አሠልጣኙ የፈለገውን ልጅ ሁሉ ማስገባት አይችልም፤ ባለው መሥራት አለበት። የኤንኤፍኤል ሥራም ይኸው ነው። ጂሚ ጆንሰን ብቻ ነው በእውነት የሚያስቸግረኝ። ያለ ምንም የኤንኤፍኤል ልምድ ከማያሚ ዩኒቨርሲቲ ዳላስ ገብቶ ሁለት ሱፐር ቦል አሸነፈ። ግን በ1989 የመጀመሪያ ዓመቱ 1 አሸንፎ 15 ተሸንፏል፤ ባለቤቱ ጄሪ ጆንስ አላባረረውም፤ ሯጩን ሄርሼል ዎከርን ለሚኒሶታ ሰጥቶ ያገኘው የድራፍት ዕጣ ብዛት ዛሬ ማንም ቡድን በቀላሉ የሚያገኘው አይደለም።

በእኔ ሐሳብ ላይም የሚነሣ ምሳሌ አለ። ማት ሩል ቴምፕልንና ቤይለርን ከወደቁበት ያነሣ ሰው ነው፤ በካሮላይና ፓንተርስ ግን በሰባት ዓመት ውል ተቀጥሮ ሦስተኛውን ዓመት ሳይጨርስ 11 በ27 ተሰናበተ። ከዝቅታ ማንሣት መቻል ጥሩ ምልክት ነው፣ ዋስትና ግን አይደለም። በኮሌጅ የ18 ዓመት ልጅ አራት ዓመት ሲያድግ ትጠብቃለህ፤ ካሮላይና ላይ በየዓመቱ አዲስ ኳርተርባክ ሲመጣ የሚያድግ ነገር አልነበረም።

አሁን ደግሞ አዲስ ክርክር መጥቷል። ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋች በስሙ ገንዘብ ያገኛል፤ ከ2025 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎቹ በቀጥታ ይከፍሉታል፤ ስለዚህ የኮሌጅ አሠልጣኝ ከወኪልና ከደመወዝ ጋር ተለማምዷል ይባላል። ከወኪል ጋር መነጋገር እንደለመደ እቀበላለሁ። ነገር ግን አሁንም ድራፍት የለም፤ ተጫዋቹ ወደፈለገው ይሄዳል፤ ሀብታሙ ግቢ አሁንም ቀድሞ ይመርጣል። ሁለቱ ሥራዎች አንድ ሆነው ቢሆን ኖሮ ስድስት ሱፐር ቦል ያሸነፈው ቢል ቤሊቺክ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን ይዞ የመጀመሪያ ጨዋታውን በሜዳው 48 ለ 14 ባልተሸነፈ ነበር።

የዚህ ስሕተት ዕዳ የሚወድቅበት ሰው ያሳዝነኛል። የተባረረው አሠልጣኝ ብዙ ጊዜ ሌላ ግቢ በክብር ይቀበለዋል። የኤንኤፍኤል ተጫዋች ግን የሥራ ዕድሜው አጭር ነው፤ የብዙዎቹ ውልም ሙሉ ዋስትና የለውም፤ አንድ የባከነ ዓመት የሚመለስለት አይደለም። ወንበሩ የሚገባቸው ሆነው የተዘለሉም አሉ። ማየር በተቀጠረበት ሰሞን ኤሪክ ቢየነሚ የሻምፒዮኑ የካንሳስ ሲቲ የማጥቃት አስተባባሪ ሆኖ ለዋና አሠልጣኝነት ደጋግሞ ቃለ መጠይቅ ይቀመጥ ነበር፤ ማንም አልቀጠረውም። ያን ዓመት ከተከፈቱት ሰባት ቦታዎች ለጥቁር አሠልጣኝ የደረሰው አንድ ብቻ ነው። ግቢ ውስጥ ዋንጫ ያነሣ ሰው ሲመጣ ጥያቄ የማይቀርብለት ከሆነ፣ በሊጉ ውስጥ ለዓመታት የሠራ ሰው ለምን እንደ ባዕድ ይፈተናል?

ፊላዴልፊያ በ1999 አንዲ ሪድን ስትቀጥር ሰውየው በግሪን ቤይ የኳርተርባኮች አሠልጣኝ እንጂ አስተባባሪ እንኳ አልነበረም፤ በኮሌጅም ዋና አሠልጣኝ ሆኖ አያውቅም። ኋላ በካንሳስ ሲቲ ሦስት ሱፐር ቦል አሸነፈ። ባለቤቶች በሚቀጥለው ጃንዋሪ ከኮሌጅ ሰው ፊት ሲቀመጡ ስለ ዋንጫዎቹ መጠየቃቸውን ትተው፣ ራሱ ባልመረጣቸው ተጫዋቾች፣ ካቅሙ በማያንስ ቡድን ላይ ያሸነፈውን ጨዋታ ቪዲዮ አስከፍተው በዝርዝር ያስረዱ ይበሉት። የሚያሳየው ጨዋታ ካጣ ወደ ግቢው ይመለስ።