የስልክ ዋጋ ለስንት ዓመት ይካፈላል?

ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚጓዝ ልጅ ስልክ መግዛት በደቡብ ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ቀላል ውሳኔ አይደለም። በፋርጣም ሆነ በላይ ጋይንት፣ በእስቴም ሆነ በስማዳ፣ የስልኩ ገንዘብ የሚገኘው ከድንችና ከገብስ ሽያጭ፣ ሲብስም ከበግ ወይም ከወይፈን ዋጋ ነው። ቤተሰብ እንዲህ ላለው ወጪ በየዓመቱ ሊዘጋጅ አይችልም። በመሆኑም በየዶርሙ የሚሰማው «ርካሹ ይሻላል ወይስ ውዱ?» የሚለው ክርክር ከፋሽን ያለፈ ቁም ነገር አለው።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው። ስልክ መመዘን ያለበት በሚገዛበት ዕለት በሚከፈለው ገንዘብ ሳይሆን በሚያገለግልበት በእያንዳንዱ ዓመት በሚያስወጣው ወጪ ነው። ይህ ሚዛን ከተያዘ፣ እጅግ ርካሹም ሆነ እጅግ ውዱ ስልክ ለአብዛኛው ተማሪ እንደማይበጅ ማሳየት ይቻላል።

ቀላል ስሌት

ሦስት ስልኮችን እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው፤ አንባቢ በደረሰበት የገበያ ዋጋ ሊተካቸው ይችላል። ስልክ «ሀ» 12,000 ብር ተገዝቶ 2 ዓመት ያገለግላል። ስልክ «ለ» 30,000 ብር ተገዝቶ 5 ዓመት፣ ስልክ «ሐ» ደግሞ 120,000 ብር ተገዝቶ 6 ዓመት ያገለግላል። ዋጋውን ለዓመቱ ስናካፍል «ሀ» በዓመት 6,000 ብር፣ «ለ»ም እንዲሁ 6,000 ብር፣ «ሐ» ግን 20,000 ብር ያስወጣሉ። የጥገናው ወጪ ሲደመርና ስልኩ ኋላ የሚሸጥበት ዋጋ ሲቀነስ ውጤቱ በመጠኑ ይለወጣል፤ ሆኖም «ሐ» ከሌሎቹ ጋር እንዲስተካከል ከተፈለገ 20 ዓመት ማገልገል ይኖርበታል። ይህ የማይሆን ነገር ነው።

እንግዲህ ውድድሩ በ«ሀ» እና በ«ለ» መካከል ነው። በስሌቱ እኩል ሆነው ቢታዩም በገሃዱ ዓለም ሁለት ተቃራኒ ኃይሎች ሚዛኑን ወዲህና ወዲያ ይስቡታል።

የመጀመሪያው የዋጋ መናር ነው። እንደሚታወቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቴክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የተባሉትን ስልኮች የሚያመርተው ትራንሽን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 በሀገራችን መገጣጠሚያ ቢከፍትም፣ ዋና ዋናዎቹ የስልክ ክፍሎች ከውጭ የሚመጡ በመሆናቸው ዋጋቸው ከምንዛሪው ጋር የተሳሰረ ነው። የ«ሀ» ዋጋ በ2 ዓመት ውስጥ በግማሽ ቢጨምር ሁለተኛው ግዢ 18,000 ብር ይጠይቃል። በ4 ዓመት የወጣው ገንዘብ ድምር 30,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ይህ የ«ለ» ዋጋ ነው፤ «ለ» ግን ገና አንድ የአገልግሎት ዓመት ይቀረዋል።

ሁለተኛው ኃይል የመጥፋትና የመሰበር አደጋ ነው። ከአምስት ስልኮች አንዱ በየዓመቱ ይሰረቃል ወይም እንዳይጠገን ሆኖ ይሰበራል ብለን እንገምት። አንድ ስልክ አንድ ዓመት የመዝለቅ ዕድሉ 0.8፣ ሁለት ዓመት የመዝለቅ ዕድሉ 0.64 ይሆናል ማለት ነው። በፕሮባብሊቲ ትምህርት እንደተማርነው እነዚህን ስንደምር ከ«ሀ» የሚጠበቀው አገልግሎት 1.44 ዓመት፣ በተመሳሳይ ስሌት ከ«ለ» የሚጠበቀው 2.69 ዓመት ነው። አሁን ዋጋውን ብናካፍል «ሀ» በዓመት 8,300 ብር ገደማ፣ «ለ» ግን ከ11,100 ብር በላይ ያስወጣሉ። ሌባ የማሻሻያ ዘመኑን አይጠይቅም፤ ረጅም ዕድሜ ያለው ዕቃ በሞላ በጥድፊያ በሚጠፋበት እጅ ውስጥ ዕድሜው ዋጋ የለውም።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ዕቃውን መጠበቅ የሚችል ሰው ረጅም ዕድሜ ያለውን ቢገዛ ያተርፋል። በሰልፍ፣ በመናኸሪያና በተጨናነቀ ዶርም የሚውል፣ ስልኩንም ለሁሉ የሚያውስ ሰው ግን ረከስ ያለውን ቢይዝ አስተዋይ እንጂ ቆጥቋጣ አያሰኘውም።

ስልክን የሚያስረጀው ምንድን ነው?

ለመሆኑ አንዱ ስልክ 2 ዓመት፣ ሌላው 5 ዓመት የሚያገለግለው ለምንድን ነው? ሦስት ምክንያቶችን እንጠቅሳለን።

አንደኛው ባትሪ ነው። የሊቲየም አዮን ባትሪ በእያንዳንዱ የመሙላትና የመጨረስ ዑደት ጥቂት ጥቂት አቅም ያጣል። ለብዙ ዘመን የተለመደው መለኪያ ባትሪው ከ500 ሙሉ ዑደት በኋላ ከመነሻ አቅሙ 80 በመቶውን ይዞ መገኘቱ ነው። በየቀኑ አንድ ሙሉ ዑደት የሚጠቀም ተማሪ ወደዚህ ደረጃ የሚደርሰው በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ በገበያው ለሚሸጡ አዳዲስ ስልኮች ይህን ቁጥር ቢያንስ 800 ዑደት እንዲሆን ደንግጓል። ይሁን እንጂ ባትሪ ሊለወጥ የሚችል ክፍል ነው። ባትሪው ስለደከመ ብቻ ስልክ መጣል ጎማው ስላለቀ መኪና እንደመጣል ይቆጠራል።

ሁለተኛው ማከማቻው ነው። በረካሾቹ ስልኮች የሚገኘው ኢ.ኤም.ኤም.ሲ የተባለው የማከማቻ ዓይነት በአንድ ጊዜ ወይ ያነባል ወይ ይጽፋል። በተሻሉት ስልኮች የሚገኘው ዩ.ኤፍ.ኤስ ግን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማከናወን ይችላል። በተጨማሪም ማከማቻው ሊሞላ ሲቃረብ አዲስ መረጃ ለመጻፍ በቅድሚያ አሮጌውን ማጓጓዝና ማጥፋት ስለሚያስፈልገው ሥራው ይንቀረፈፋል። ብዙ ሰው «ስልኬ አረጀ» የሚለው ማከማቻው ሲጣበብ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚረሳው የሶፍትዌር ማሻሻያ ነው። የደኅንነት ማሻሻያ የተቋረጠበት ስልክ አካሉ ጤነኛ ቢሆንም በር እንደሌለው ቤት ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘባችን ጭምር በስልካችን ውስጥ ስለሚገኝ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በዚህ ረገድ በርካሹና በውዱ መካከል የነበረው ገደል እየጠበበ መጥቷል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2023 ለፒክስል 8፣ ሳምሰንግም በ2024 ለጋላክሲ ኤስ24 የ7 ዓመት ማሻሻያ ቃል ገቡ። ሳምሰንግ በዚያው በ2024 በዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው ለጋላክሲ ኤ16 ደግሞ የ6 ዓመት ቃል ገብቷል። ልብ ማለት የሚገባው ግን ዓመቱ መቆጠር የሚጀምረው ስልኩ ለዓለም ገበያ ከቀረበበት ቀን መሆኑን ነው። ያገለገለ ውድ ስልክ በግማሽ ዋጋ ሲቀርብልን የቀረው የማሻሻያ ዘመን ስንት እንደሆነ ሳንቆጥር ብንገዛ የምንከፍለው ለስሙ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የደጋው ጸጋና ፈተና

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ይህ ለባትሪ መልካም ዜና ነው። በኬሚስትሪ እንደምናውቀው የብዙ ኬሚካዊ ለውጦች ፍጥነት ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይሆናል፤ ባትሪን የሚያስረጁትም ለውጦች በሙቀት ይፋጠናሉ። ስለዚህ በደብረ ታቦር ቅዝቃዜ የሚውል ባትሪ በመተማ ሐሩር ከሚውለው ይልቅ ቀስ ብሎ ያረጃል። በአንጻሩ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ አካባቢ ሌሊቱን ውርጭ ሲወርድ ሌላ ችግር ይከተላል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ባትሪ ሲሞላ ሊቲየሙ ወደ ውስጥ ሰርጎ በመግባት ፈንታ በኤሌክትሮዱ ገጽ ላይ ብረት ሆኖ ስለሚጋገር አቅሙ በዘላቂነት ይጎዳል። የቀዘቀዘ ስልክ ከመሞላቱ በፊት ቤት ውስጥ ጥቂት መሞቅ አለበት።

የአየሩም መሳሳት የራሱ ድርሻ አለው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ አየሩም ከጋለ ስልክ ላይ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ በመጠኑ ይቀንሳል። በጨዋታና በቪዲዮ ብዛት የሚግል ኃይለኛ ፕሮሰሰር የተከፈለበትን ፍጥነት ሁልጊዜ ላይሰጥ ይችላል።

የኔትወርኩም ነገር አለ። 5ጂ በማይደርስበት የገጠር ቀበሌ ለ5ጂ የተከፈለ ገንዘብ ሥራ ፈት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ለተማሪ ዋጋ የነበረው በስልኩ ውስጥ አስቀድሞ የተጫነው መጽሐፍ፣ መዝገበ ቃላትና የፈተና ወረቀት ነበር። ስለዚህ ሰፊ ማከማቻና ቀኑን የሚያደርስ ባትሪ ከአራት ካሜራ ይልቅ ለእኛ ይጠቅማሉ። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ ጥራት የሌለው ቻርጀር ስልኩን ለአደጋ ያጋልጣል፤ በስልኩ ዋጋ ላይ የደህና ቻርጀር ዋጋ መጨመር ብክነት አይደለም።

ጥገና የማን ሥራ ነው?

ከደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን ባለእጆችና በሀገር ልጆች ጉልበት እ.ኤ.አ. በ1867 ሴባስቶፖል የተባለውን ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ አሠርተው ነበር። መድፉ በወራት ድካም ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም በዚያው ይገኛል። የጋፋት እውቀት ግን ከእርሳቸው ሞት በኋላ አልቀጠለም። ዕቃው ተረፈ፣ ሙያው ቀረ። ስልክን በተመለከተም ጥያቄው ተመሳሳይ ነው። የ5 ዓመት ዕድሜ በወረቀት ላይ ቢጻፍም፣ መለዋወጫና የሠለጠነ ጠጋኝ ከሌለ ስልኩ 2 ዓመት ላይ ሊቆም ይችላል። በከተማው የሞባይል ጥገና ቤት ስክሪኑና ባትሪው በቀላሉ የሚገኝለት መካከለኛ ስልክ፣ መለዋወጫው አዲስ አበባ ድረስ ተፈልጎ ከሚታጣለት ውድ ስልክ ይበልጣል። የፊዚክስና የኤሌክትሪካል ተማሪዎቻችንም የስልክ ጥገናን እንደ ዝቅተኛ ሥራ ከማየት ይልቅ የቤተ ሙከራ ትምህርት አካል ቢያደርጉት ራሳቸውንም አካባቢውንም ይጠቅማሉ።

ጉዳዩ ከኪሳችንም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሮ፣ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩብ እንኳ አይሞላም። አንድ ስልክ በዘመኑ ከሚያስከትለው የካርቦን ልቀት አብዛኛው የሚመነጨው ገና ሲመረት በመሆኑ፣ ያለንን ስልክ አንድ ዓመት ማቆየት አካባቢን ከመጠበቂያ መንገዶች አንዱ ነው።

ውድ ስልክ ፈጽሞ አይገዛ አንልም። በፎቶግራፍ ወይም በቪዲዮ ሥራ እንጀራውን የሚበላ ሰው ዋጋውን ከገቢው ጋር አመዛዝኖ ሊገዛው ይችላል። ለጓደኛ ዓይን ሲባል በብድር መግዛት ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ስለዚህ ስልክ ልትገዙ የተነሣችሁ ወንድሞችና እኅቶች ለሻጩ አራት ጥያቄ አቅርቡ፤ ማሻሻያው እስከ መቼ ይቀጥላል? ባትሪውና ስክሪኑ በከተማችን ይገኛል? ማከማቻው ምን ያህል ነው፣ ዓይነቱስ? ኔትወርኩ በመንደራችን ካለው ጋር ይስማማል? አምስተኛውን ጥያቄ ደግሞ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ይህን ዕቃ ለስንት ዓመት መጠበቅ እችላለሁ? የአምስቱ መልስ ከተገኘ በኋላ ዋጋውን በዓመቱ አካፍሉ። የበጉን ወይም የወይፈኑን ዋጋ ለላከ አባት ልናቀርብለት የሚገባን መልስ ያ ቁጥር ነው።