ተከራይም አንቴና ይዘርጋ

«የአማተር ራዲዮ የገዛ ግቢና የገዛ ጣራ ላለው ሰው እንጂ በወር ኪራይ ለሚኖር ተማሪ አይሆንም» የሚል አሳብ በየሻይ ቤቱ ይሰማል። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ሞክረው ያቃታቸው ሳይሆኑ ከነጭራሹ ያልሞከሩት ናቸው። የአምስት ኪሎ ግቢ ያስጠጋው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በሚለው የጥሪ ምልክቱ በዓለም አማተሮች ዘንድ ስመ ጥር ነው። ነገር ግን ሁላችንም በአንድ ጣቢያ ወረፋ ልንይዝ አንችልም፤ ደግሞም ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ አይደለም። ቋንቋና ታሪክ የምናጠና ተማሪዎች፣ ከማናውቀው አገር ሰው ጋር ያለ አማላጅ ለመነጋገር ከእነሱ ያነሰ ምክንያት የለንም።

ለመሆኑ የሚያስፈልገው ምን ያህል ነው? በ14 ሜጋኸርዝ ለሚሠራ ሰው መካከሉ ላይ የተከፈለ 10 ሜትር ያህል ሽቦ ይበቃዋል፤ በ28 ሜጋኸርዝ ከሆነ 5 ሜትር። የማሠራጫው ኀይል 5 ዋት ቢሆን እንኳ፣ የሰማዩ ሁኔታ ሲያመች ምልክቱ አውሮፓ ይደርሳል። የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ጆ ቴይለር ከባልደረባው ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ኤፍ ቲ 8» የተባለው ዘዴማ ጆሮ የማይለየውን ደካማ ምልክት ኮምፒውተር እንዲያነበው ያደርጋል። በእርግጥ ሽቦው ክፍል ውስጥ ከተዘረጋ የኮንዶሚኒየሙ ብረትና ሲሚንቶ ብዙውን ያስቀርበታል። በረንዳ ያለው ግን ከመዳብ ቱቦ 1 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀለበት ሠርቶ ሊያቆም ይችላል። አራተኛ ፎቅ በመውጣት የምንደክመው ድካምም እዚህ ላይ ይካሳል፤ ከፍታ ለአንቴና ሀብት ነውና።

በፎቅ የሚኖር አማተር ዋና ጠላቱ ጫጫታ ነው። የጎረቤት ርካሽ የስልክ ቻርጀርና የኤል ኢ ዲ አምፖል በአጭር ሞገድ ላይ ያለማቋረጥ ያጉረመርማሉ። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር፣ በባትሪ የሚሠራው አማተር ብቻ ይደሰታል፤ በዚያች ሰዓት አየሩ ጸጥ ይልለታል። (ስለ መብራት መጥፋት በጎ ቃል ስንጽፍ ይህ የመጀመሪያችን ነው።)

ከጫጫታው የሚከብደው ግን የአከራዩ ነገር ነው። የኮንዶሚኒየሞቻችን ጣራና በረንዳ በዲሽ ተሸፍኗል፤ ማንም «ይህ ምንድን ነው?» አይልም። አንድ ቀጭን ሽቦ ሲታይ ግን ጥርጣሬ ይነሣል። ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣውና በኋላም ተከራዮችን ያካተተው ደንብ፣ ተከራይ በራሱ በረንዳ ላይ ከ1 ሜትር የማይበልጥ ዲሽ ቢተክል አከራዩ እንዳይከለክለው ያዛል፤ የአማተር አንቴና ግን በዚህ ደንብ አልተካተተም። ቴሌቪዥን ተመልካቹ ተጠበቀ፣ ተነጋጋሪው ቀረ።

አንዳንድ ወዳጆች «ማታ ዘርግተህ ንጋት ላይ ጠቅልለው» ብለው ይመክራሉ። ይህን ምክር አጥብቀን እንቃወማለን። በእኩለ ሌሊት መስኮቱን ዘግቶ ለሣጥን ቁጥርና ፊደል የሚያንሾካሹክን ተከራይ ጎረቤቱ ቢጠረጥረው ማን ይፈርድበታል? የአማተር ሥራ እኮ ከስውር ነገር የራቀ ነው። በዓለም አቀፉ የራዲዮ ደንብ መሠረት በአገሮች መካከል የሚተላለፍ የአማተር ቃል፣ ትርጕሙን ለመሰወር ተብሎ በምስጢር ኮድ ሊላክ አይችልም፤ መቀበያ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። ስለዚህ ፈቃዱ አስቀድሞ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይጠየቅ፤ ሲገኝም ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ አከራዩም ይጋበዙና ማዳመጫውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ይስሙት።

የተማሪዎች ማኅበራችን ደግሞ ከኪራይ ውል ጋር የሚያያዝ አንድ ገጽ ጽሑፍ ያዘጋጅልን። የሽቦው ርዝመትና የኀይሉ መጠን ይጻፍበት፤ የጎረቤት ቴሌቪዥን ከታወከ እስኪስተካከል ሥራው እንደሚቆም፣ ሽቦው በመብራት መስመር አጠገብ እንደማያልፍ፣ ተከራዩም ሲለቅ ግድግዳውን አድሶ እንደሚያስረክብ ይግለጽ። አከራዮች መጠየቃቸው የማይቀር ሁለት ነገሮችም መልስ ያግኙበት። የመብራት ቆጣሪውን በሚመለከት፣ ባለ 5 ዋቱ ጣቢያ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠራ አንድ ቀን እንጀራ የተጋገረበት የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚፈጀውን ያህል አይፈጅም። መብረቁን በሚመለከት፣ በክረምት ደመናው ሲከብድ ሽቦው ከመሣሪያው ተነቅሎ ከመስኮት ውጭ ይተዋል፤ ተከራዩ ትምህርት ቤት ውሎ እንዳይደርስበት ግን ጠዋት ሲወጣ ነቅሎ እንዲወጣ በውሉ ይጻፍ።