ውድ ኮምፒውተር፣ ትንንሽ ክፍሎች፦ የጌም ኮምፒውተር ገዢ ከካርቶኑ ቁጥር ባሻገር ሊያየው የሚገባ

ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ይፋ ያደረገችው ብሔራዊ የጌምና የኢስፖርት ስትራቴጂ እስከ 2030 ድረስ ለሀገሪቱ ኢኮኖሚ 50 ቢሊዮን ሪያል የማበርከትና 39 ሺህ የሥራ ዕድል የመፍጠር ግብ ይዞ መነሳቱ ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ ሪያድ በ2024 እና በ2025 የኢስፖርት ዓለም ዋንጫን አስተናግዳለች፤ የሁለተኛው ዓመት ጠቅላላ ሽልማት ብቻ ከ70 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። በሴፕቴምበር 2025 ማብቂያ ደግሞ የሀገሪቱ የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ ከአጋሮቹ ጋር ሆኖ ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለውን የአሜሪካ የጌም ኩባንያ በ55 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማምቷል።

የዚህ ሁሉ ነጸብራቅ እስከ ሰፈር ይወርዳል። በመካ ደቡባዊ ክፍል፣ የሐጅና የዑምራ እንግዶችን ወደ ሐረም የሚያመላልሱ አውቶቡሶች በሚነሱበት በኩዳይ፣ ወይም በጅዳ ሰፈሮች በጋራ በተከራዩት ክፍል የሚኖር ወጣት ሠራተኛ ዕቁቡ ሲደርሰው ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱ ጠንካራ ኮምፒውተር ሆኗል። አንዱ ለራሱ መጫወቻ ይፈልገዋል። ሌላው አዲስ አበባ ላለ፣ የቪዲዮ ቅንብር ወይም የ3ዲ ሥራ ለሚማር ወንድሙ ሊልከው ያስባል። በጅዳ የፍልስጤም ጎዳና ሱቆች ክፍሎቹ ተመርጠው የሚገጣጠመው ኮምፒውተር «ተጅሚዓ» ይባላል፤ ቃሉ በዓረብኛ «የተሰበሰበ» እንደ ማለት ነው። ገዢው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የትኛው ቁጥር ትልቅ እንደሆነ ነው፤ ሻጩም ትልቁን ቁጥር ያሳየዋል። ነገር ግን የዚህን ዕቃ ፍጥነትና ዕድሜ በእጅጉ የሚወስኑት በካርቶኑ ፊት ላይ በጉልህ የማይጻፉ ሁለት ትንንሽ ክፍሎች ናቸው። አንደኛው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ካሽ ሲሆን፣ ሁለተኛው ግራፊክስ ካርዱ ኃይል የሚቀበልበት ሶኬት ነው።

ካሽ ለፕሮሰሰሩ ቅርብ የሆነ ትንሽ የማስታወሻ ቦታ ነው። ወጥ የምትሠራ ሴት ጨውና በርበሬውን ከእጇ አጠገብ ታስቀምጣለች፤ የጎደለውን ከጓዳ ታመጣለች፤ ጓዳ ውስጥ የሌለውን ደግሞ ልጅ ገበያ ልካ ታስገዛለች። ልጁ እስኪመለስ ድረስ እሳቱ ይነዳል፣ ሥራው ግን ቆሟል። ፕሮሰሰርም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ካሽ በጥቂት የሰዓት ምት መልስ ይሰጣል፤ ሦስተኛው ደረጃ ትልቅ ሆኖ ትንሽ ይዘገያል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ራም ግን ለፕሮሰሰሩ ገበያ ማለት ነው፤ እስኪመለስ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምቶች ያልፋሉ። ጌም ደግሞ የተጫዋቾችን ቦታ፣ የጥይቱን አቅጣጫና የግድግዳውን መኖር በየቅጽበቱ በተበታተነ ሁኔታ የሚጠይቅ ፕሮግራም በመሆኑ፣ ፕሮሰሰሩን ደጋግሞ ወደ ገበያ ይልካል።

ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ በኤፕሪል 2022 ባወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ በተባለው ፕሮሰሰር ላይ ያደረገው ነገር ጓዳውን ማስፋት ነበር። በ32 ሜጋባይት ካሽ ላይ ሌላ 64 ሜጋባይት እንደ ፎቅ ደራርቦ 96 አደረሰው። ፎቁ ግን ችግር ነበረበት፤ ከበላይ የተቀመጠው ካሽ ከሥር ያሉት ኮሮች ሙቀታቸውን እንዳያስወጡ ይከለክላቸው ነበር። በኖቬምበር 2024 የወጣው 9800ኤክስ3ዲ ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ካሹን ከሥር፣ ኮሮቹን ከላይ አደረገ። ለመካ በጋ ይህ መገለበጥ ተራ ዝርዝር አይደለም።

ልዩነቱን በገንዘብ ማየት ይቻላል። የዚሁ ትውልድ 9700ኤክስ እና 9800ኤክስ3ዲ ሁለቱም ስምንት ኮር አላቸው፤ የመጀመሪያው 32፣ ሁለተኛው 96 ሜጋባይት የሦስተኛ ደረጃ ካሽ ይዘዋል። ሲወጡ የተቆረጠላቸው ዋጋ 359 እና 479 ዶላር ነበር፤ በ3.75 ሪያል ተመንዝሮ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት ልዩነቱ 518 ሪያል ገደማ ይሆናል። በአንጻሩ የኢንቴሉ ኮር አልትራ 9 285ኬ 24 ኮር ይዞ በ589 ዶላር ወጥቶ ሳለ፣ በአብዛኞቹ ጌሞች ስምንት ኮር ባለው 9800ኤክስ3ዲ ይበለጣል። በካርቶን ላይ 24 ከ8 ይበልጣል፤ በጌም ላይ ግን አይበልጥም።

እዚህ ላይ ግን ሻጮች የማይነግሩት ሌላ ገጽታ አለ። ሥራው ቪዲዮ ማቀናበር ወይም 3ዲ ምስል ማውጣት ከሆነ ያ የኢንቴል ፕሮሰሰር ተመልሶ ይቀድማል፤ እንዲህ ያለው ሥራ የሚፈልገው ብዙ እጅ ነውና። ጌሙም ቢሆን በ4ኬ ስክሪን ላይ ከተከፈተ ሸክሙ ወደ ግራፊክስ ካርዱ ስለሚዞር የካሹ ጥቅም ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላለ የቪዲዮ ተማሪ 9800ኤክስ3ዲ መላክ ለሩጫ ፈረስ እህል እንደ መጫን ነው።

ወደ ግራፊክስ ካርዱ ስንሻገር፣ በሳዑዲ ሱቆች «ከርት ሻሻ» የሚባለው ይህ ዕቃ ስሙ ያሳንሰዋል፤ «የስክሪን ካርድ» ማለት ነውና ምስል ከማሳየት ያለፈ ሥራ ያለው አይመስልም። ዛሬ ግን ከኮምፒውተሩ ክፍሎች ሁሉ ውዱና ኃይል በላተኛው እሱ ነው። ኤንቪዲያ በጃንዋሪ 2025 ለገበያ ያቀረበው አርቲኤክስ 5090 እስከ 575 ዋት ይወስዳል። መነሻ ዋጋው 1,999 ዶላር ሲሆን፣ ታክሱ ታክሎበት ከ8,600 ሪያል በላይ ነው። በወር 1,500 ሪያል ለሚያገኝ ሠራተኛ ይህ አንዲት ሃላላ ሳይበላና ሳይልክ የአምስት ወር ከግማሽ ደመወዝ ያልፋል፤ የሱቅ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ከመነሻው በላይ ነው።

ይህ ሁሉ ኃይል የሚገባው ከአውራ ጣት እምብዛም በማይበልጥ ባለ 16 ፒን ሶኬት ነው። የቀድሞው ባለ ስምንት ፒን ሶኬት ለ150 ዋት የተፈቀደ ሲሆን፣ ኃይሉን በሦስት የ12 ቮልት ሽቦዎች ስለሚያካፍል እያንዳንዱ ከአራት አምፔር ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ይሸከም ነበር፤ የፒኑ አቅም የዚያ እጥፍ ገደማ ነበር። በ2022 በአርቲኤክስ 4090 በስፋት የገባው አዲሱ ሶኬት ግን እስከ 600 ዋት ተፈቅዶለታል። 600 ዋት በ12 ቮልት ሲካፈል 50 አምፔር፣ ለስድስት ሽቦዎች ሲከፋፈል ደግሞ ለእያንዳንዱ 8.3 አምፔር ይደርሰዋል። የአንዱ ፒን አቅም 9.5 አምፔር ገደማ ነው። የቀረው መጠባበቂያ ጠባብ መሆኑን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያሻም።

ካርዱ በወጣ በሳምንታት ውስጥ የቀለጡ ሶኬቶች ምስል መታየት ጀመረ። ኤንቪዲያ በኖቬምበር 2022 በዓለም ዙሪያ ወደ 50 የሚጠጉ ጉዳዮች እንደደረሱት ገልጾ፣ ዋናው ምክንያት ገመዱ እስከ መጨረሻው ሳይገፋ መቅረቱ እንደሆነ አስታወቀ። በ2023 ሶኬቱ ተሻሻለ። ገመዱ በሚገባ ካልገባ ካርዱ ኃይል እንዳይስብ የሚያደርጉት አነስተኛ ጠቋሚ ፒኖች እንዲያጥሩ ተደረገ። ሆኖም በፌብሩዋሪ 2025 በ5090ም ላይ የቀለጠ ገመድ ታየ። የጀርመኑ የሃርድዌር ተንታኝ ሮማን ሃርቱንግ በራሱ ካርድ ላይ ባደረገው ልኬት በአንዲት ሽቦ ብቻ ከ20 አምፔር በላይ ሲያልፍ፣ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ሶኬትም ወደ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲግል አሳይቷል።

ምክንያቱ በሶኬቱ ብቻ አያበቃም። ስድስቱ ሽቦዎች በኤንቪዲያ ቦርድ ላይ ሲደርሱ ወደ አንድ ይቀላቀላሉ። አንዱ ፒን ላልቶ ወይም አቧራ ይዞ ቢዳከም የእሱ ድርሻ በቀሩት ላይ ይጫናል፤ ካርዱም አጠቃላይ ድምሩን እንጂ የእያንዳንዱን ሸክም አያይም። ስድስት ሰዎች አንድ ቃሬዛ ተሸክመው ሁለቱ እጃቸውን ቢለቁ፣ ከቃሬዛው ላይ የተኛው ሰው አያውቅም፤ የሚያውቁት የቀሩት አራቱ ትከሻዎች ናቸው። አንዳንድ የካርድ አምራቾች የየፒኑን ፍሰት የሚለካ መሣሪያ በውድ ሞዴሎቻቸው ላይ ጨምረዋል። ጥበቃው ለውዱ ሞዴል ብቻ መሆኑ ግን ቅር ያሰኛል።

እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ ሲሠራ 800 ዋት ገደማ ይወስዳል ብንል፣ በቀን አራት ሰዓት በወር 96 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በሳዑዲ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት እስከ 6,000 ድረስ 18 ሃላላ በመሆኑ፣ ሂሳቡ ከነታክሱ 20 ሪያል ገደማ ነው። ስለዚህ የሚከብደው የኤሌክትሪክ ሂሳቡ አይደለም። የሚከብደው ሙቀቱ ነው፤ ኮምፒውተሩ የወሰደው ኃይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመልሶ ክፍሉ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። 18,000 ቢቲዩ የሚባለው የተለመደው የመስኮት ሙከይፍ ከአቅሙ አንድ ሰባተኛ ያህሉን ለዚህ አንድ ዕቃ ያውላል። አራት ሰው በሚያድርበት ክፍል ይህ የአብሮ መኖር ጉዳይም ነው።

ዋጋውን በተመለከተ ወቅቱ ለገዢ አልተመቸም። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራም ዋጋ በጥቂት ወራት ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የዓለምን የሜሞሪ ምርት በገፍ በመያዛቸው፣ ማይክሮን የተባለው አምራች በዲሴምበር 2025 ለተራ ሸማች ራም የሚያቀርብበትን ክሩሻል የተባለ የንግድ ስሙን እንደሚዘጋ አስታውቋል። በሳዑዲም የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ በሜይ 2025 ያቋቋመው ሂዩሜን ኩባንያ በመጀመሪያው ምዕራፍ 18 ሺህ የኤንቪዲያ ቺፖችን እንደሚወስድ ተገልጾ ነበር። ሀገሪቱ በአንድ በኩል ወጣቱን ወደ ጌም ትጋብዛለች፤ በሌላ በኩል ለማዕከሎቿ ቺፕ ትሸምታለች፤ ሁለቱ ዕቅዶች ከአንድ ገበያ ይቀዳሉ። በዚያ ገበያ የኩዳዩ ገዢ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንጻር ለአብዛኛው አንባቢ የሚበጀው ከላይኛው እርከን አንድ ሁለት ደረጃ ዝቅ ማለት ነው። በማርች 2025 የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 9070ኤክስቲ 16 ጊጋባይት ሜሞሪ ይዞ 304 ዋት ይወስዳል፤ አብዛኞቹ ሞዴሎቹም ነባሩን ባለ ስምንት ፒን ሶኬት ይጠቀማሉ። መነሻ ዋጋው ከነታክሱ 2,600 ሪያል ገደማ ነው። ለ3ዲ ሥራ ብሌንደርን ለሚጠቀም ሰው ደግሞ የኤንቪዲያ ካርድ ይሻለዋል፤ 16 ጊጋባይት ያለው አርቲኤክስ 5060 ቲአይ 180 ዋት ብቻ ይበቃዋል። አዲስ አበባ የተሠራውንና ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ»ን ለመጫወት እንኳ ከስልክ ያለፈ አያሻም፤ ይህ ግን ጌም ለሚጫወት እንጂ ጌም ለሚሠራ አይሆንም።

በ2019 የወጣው የሳዑዲ የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ በኢንተርኔት የገዛ ሸማች ዕቃውን በሰባት ቀን ውስጥ እንዲመልስ ይፈቅዳል፤ ከተጠቀመበት ግን መብቱ ይቀራል። የቀለጠ ሶኬት የሚታየው ደግሞ ከአገልግሎት በኋላ ነው። ስለዚህ የሚያስጥለው «ደማን» ማለትም የዋስትና ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱ የእያንዳንዱን ክፍል ስምና መለያ ቁጥር ይዞ፣ ዋስትናው በሱቁ ይሁን በአምራቹ ወኪል ተለይቶ መጻፉ መረጋገጥ አለበት። «ተጅሚዓ ኮምፒውተር፣ አንድ» ተብሎ የተቆረጠ ደረሰኝ ክርክር ሲመጣ ብዙም አያግዝም። ከፓወር ሰፕላዩ ጋር የመጣውን ገመድ በሌላ ኩባንያ ገመድ አለመተካት፣ ሲሰካም በገመዱና በካርዱ መካከል ክፍተት አለመኖሩን በዓይን ማየት፣ ከሶኬቱ አፍ ላይም ገመዱን በኃይል አለማጠፍ ያስፈልጋል።

ኮምፒውተሩ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ ከሆነ ተጨማሪ ነገሮች አሉ። በሳዑዲ መብራቱ 230 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ በኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ተብሎ ከተጻፈ ልዩነቱ አይጎዳውም። የግድግዳ ሶኬቱ ግን ይለያያል፤ ርካሽ መቀየሪያ ከመሰካት ይልቅ የኃይል ገመዱን ራሱን ክብ ፒን ባለው መለወጥ ይሻላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከጅዳ አየር አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ማራገቢያው በተመሳሳይ ፍጥነት ቢዞርም የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ደግነቱ የከተማዋ ቅዝቃዜ ይህን ከሞላ ጎደል ያካክሰዋል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ላለ ሰው ዩፒኤስ ያስፈልገዋል፤ የዩፒኤሱ ዋት ደግሞ ከኮምፒውተሩ ማነስ የለበትም፤ 800 ዋት ለሚበላ ዕቃ በሱቅ የሚገኘው ትንሹ ዩፒኤስ በሰከንዶች ውስጥ ይዘጋል።

ትላልቆቹ ግራፊክስ ካርዶች ሁለት ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚመዝኑ፣ በማዘርቦርዱ ላይ እንደተሰኩ በሻንጣ ከተጫኑ በመንገዱ መናጥ መሰኪያውን ሊሰነጥቁት ይችላሉ። ተነቅለው በራሳቸው ካርቶን፣ ከተቻለም በእጅ ሻንጣ ይጓዛሉ፤ ደረሰኙም አብሯቸው።