በሆድ የተቀበረ መክሊት

ዕውቀት ለአገር ልማት መሠረት መሆኑን የሚክድ ሰው ዛሬ አይገኝም፤ በቃልስ ሁሉም ያመሰግነዋል። ዳሩ ግን ከሊቃውንቱና ከባለ እጆቹ መካከል የሚያውቀውን በሆዱ ይዞ ወደ መቃብር የሚወርደው ብዙ ነው። መድኃኒት ዐዋቂው የሥሩን ስም ለልጁ እንኳ አይነግርም፤ ቀለም በጥባጩ ቅመሙንና ልኩን ይሸሽጋል፤ መምህሩም ምስጢሩን ከአንድ ታማኝ ደቀ መዝሙር በቀር ለሌላ አይገልጥም። ይህንም ጥንቃቄ ይሉታል። እኛ ግን ንፉግነት ነው እንላለን፤ ያውም አገርን የሚያደኸይ ንፉግነት።

ምስክር የሚሻ ሰው ቢኖር የጤፍን ነገር ይመልከት። ጤፍን ከዱር ሣር ለይቶ ለማዕድ ያበቃው የኢትዮጵያ ገበሬ ነው። ማኛውን ከሠርገኛው መለየት፥ ሊጡን በእርሾ ማቡካት፥ አብሲት መጣል፥ ይህ ሁሉ የእናቶቻችን ትምህርት ነው። ነገር ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ ኖረ እንጂ በሚገባ ተጽፎ በየአደባባዩ አልታወቀም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2005 ዓ.ም. አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዘር ለመጠቀም ከመንግሥታችን መሥሪያ ቤቶች ጋራ ተዋዋለ፤ በጤፍ ዱቄት ላይም በአውሮፓ የፈጠራ መብት በስሙ አስጻፈ። አገራችን ከውሉ ያገኘችው ጥቅም እጅግ ጥቂት ነበረ። በ2018 ዓ.ም. የሄግ ፍርድ ቤት ነገሩ ፈጠራ የሚያሰኝ እንዳልሆነ ፈርዶ መብቱን በሆላንድ ሻረው። ነገር ግን በዚያ ሸንጎ ተከራክሮ የረታው እኛ ሳንሆን በዚያው አገር የሚነግድ ሌላ ኩባንያ ነበረ። የገዛ እንጀራችን ሙግት በባዕዳን መካከል ሲቈረጥ እኛ ወሬ ሰሚዎች ሆንን። ይህ አያሳፍርምን?

ምስጢር ለማይገባው አይሰጥም ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ለማይገባው አለመስጠት ሌላ፥ ለሚገባው መንፈግ ሌላ ነው። ብናስተምር እንጀራችንን እንቀማለን የሚሉም አሉ። ያልተጻፈ ዕውቀት በዳኛ ፊት ምስክር የለውም፤ ስለዚህ ለመቀማት የሚያጋልጠውስ መጻፍ ሳይሆን መሸሸግ ነው።

ንፉግ ያልነበሩትን ሊቃውንት እናስብ። የግእዙን መዝገበ ቃላት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጀመሩት፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደከሙበት፤ እርሳቸውም ካረፉ በኋላ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. አሳተሙት። ከሦስቱ አንዱ የያዘውን በሆዱ ቢያስቀር ኖሮ ዛሬ የግእዝ ተማሪ ምን ይገልጥ ነበር?

እንግዲህ ሊቅ የሚያውቀውን ይጻፍ፤ መጻፍ ያልተማረውን የገበሬውንና የባልቴቲቱን ዕውቀት ደግሞ ተማሪው ጠይቆ ይጻፍ፤ ባለጸጋውም የማተሚያውን ገንዘብ ያውጣ። መክሊቱን የቀበረው አገልጋይ ከጌታው አፍ የሰማውን ፍርድ ለካህናት መንገር አያስፈልግም።