ሕግ ለመማር ስለሚዘጋጅ ልጅ

ሰዎች ምላሱ የሰላ ልጅ ባዩ ጊዜ፤ «ይህስ ጠበቃ ይሆናል» ይላሉ። ልጁም ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ጓደኞቹን በክርክር መርታት ለሕግ ትምህርት መዘጋጀት ይመስለዋል። ይህ አሳብ ግን ስሕተት ነው። ሕግ ዐዋቂ አብዝቶ የሚናገር ሰው አይደለም፤ አብዝቶ የሚሰማና አጥርቶ የሚያነብ ነው እንጂ።

በቀድሞ ዘመን በኢትዮጵያ ሙግት ብዙ ጊዜ በዛፍ ጥላ ሥር ይደረግ ነበር። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲጣሉ አላፊውን መንገደኛ «ዳኛ ሁነን» ብለው ያቆሙት ነበር። ባለዕዳና ባለገንዘብም የነጠላቸውን ጫፍ አንድ ላይ ቋጥረው አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ተሟጋቾቹ «ተጠየቅ» እየተባባሉ በግጥምና በምሳሌ ሲከራከሩ ሰው ሁሉ ከቦ ይሰማ ነበር። የሙግቱ ጣዕም በተናጋሪዎቹ አፍ ቢሆንም፤ ፍርዱ ግን ዝም ብሎ ከሚሰማው ሰው ይወጣ ነበር።

በቤተ ክህነትም ወገን ፍትሐ ነገሥትን የሚማሩ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር በዐረብኛ ተጽፎ፤ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው። ተማሪው አስቀድሞ ንባቡን ያቀናል፤ ንባቡ ሳይቀና ትርጓሜ አይሰጠውም። ይህ ሥርዓት ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ሕግ ለሚማርም መልካም ነው። ዳሩ ግን በቃል መያዝን እንደ ማወቅ የሚቈጥሩ ተማሪዎች በሁሉም ዘንድ አሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ 3,367 አንቀጾች አሉት። ይህን ሁሉ በቃሉ የሚይዝ ማን ነው? ቢይዘውስ፤ ሕግ ይለወጣል። በዚያው ሕግ ስለ ጋብቻና ስለ ቤተ ሰብ የተጻፈው ክፍል ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ በ1992 ዓ.ም. በሌላ ሕግ ተተክቷል። የቀድሞውን በቃሉ የያዘ ሰው ያን ቀን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሆነበት፤ ማንበብን የተማረ ሰው ግን አዲሱን አነበበ።

አጥርቶ ማንበብ ምን እንደ ሆነ በምሳሌ ይታያል። በአሶሳ አገር ማንጎ ብዙ ነው። አንድ መንደር እንዲህ ብሎ ደንብ አወጣ እንበል፦ «ከሰው ዛፍ ማንጎ አውርዶ የሸጠ 100 ብር ይክፈል።» አንድ ልጅ ከጎረቤቱ ዛፍ ማንጎ አውርዶ በላ፤ አልሸጠም። 100 ብር ይክፈልን? ብዙ ልጆች ወዲያው «ሌባ ነውና ይክፈል» ይላሉ። አንዳንዶችም «ርቦት ነውና ይተውለት» ይላሉ። ሁለቱም የራሳቸውን ልብ አነበቡ እንጂ ደንቡን አላነበቡም። ደንቡ «አውርዶ የሸጠ» ይላል፤ «ያወረደ ወይም የሸጠ» አይልም። ስለዚህ ልጁ በዚህ ደንብ 100 ብር አይከፍልም። «ታዲያ መስረቅ ተፈቀደን?» ብሎ የሚቈጣ ይኖራል። አልተፈቀደም፤ ልጁ የበላውን ዋጋ ለባለ ዛፉ ሊመልስ ይገባዋል። የመንደሩም ሽማግሎች ደንቡ መጥበቡን አይተው «ወይም» የምትለውን ቃል ለወደ ፊቱ ሊያገቡባት ይችላሉ። ዳኛው ግን ያልተጻፈ ቅጣት ከራሱ አውጥቶ ሊጨምር አይገባውም። ሌላ ልጅስ ከዛፉ ሥር ወድቆ ያገኘውን ማንጎ ወስዶ ቢሸጥ? ይህን ልጆች እርስ በርሳቸው ይከራከሩበት፤ ነገር ግን ከክርክሩ በፊት ደንቡን ሁለት ጊዜ ያንብቡት።

በአሜሪካ አንድ ሰው ወደ ሕግ ትምህርት ቤት የሚገባው አስቀድሞ በሌላ ትምህርት 4 ዓመት ያህል ተምሮ ከተመረቀ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ግን ከ12ኛ ክፍል የመጣ ወጣት አንድ ዓመት ጠቅላላ ትምህርት ተምሮ፤ እንደ ምርጫውና እንደ ውጤቱ ወደ ሕግ ይመደባል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ልጅ የሚዘጋጅበት ጊዜ አጭር ነው። በሩም ጠባብ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ከመቶው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ ተማሪ 3.3 ብቻ ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት አስተካክሎ ስለ ማሰብ፤ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ፤ ስለ ሕዝቦችም ልማድ የሚሰጠውን ትምህርት አንዳንድ ወጣቶች «ይህ ለማለፍ ብቻ ነው» እያሉ ይንቁታል። ይህ ትልቅ ሞኝነት ነው። ነገር ከነገር እንዴት እንደሚከተል ያልተማረ ሰው በሕግ ቤት ምን ይሠራል? ሕግ ተምረው የሚጨርሱ ሁሉ የመውጫ ፈተና አለባቸው፤ ይህም ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለሌሎች ትምህርቶች ሁሉ ሳይታዘዝ ከብዙ ዓመት በፊት በሕግ ትምህርት ተጀምሮ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው የቋንቋ ነገር ነው። በ1956 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በተከፈተ ጊዜ የመጀመሪያው ዲን ጄምስ ፖል የሚባል አሜሪካዊ ነበር፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ነበር። ዛሬም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ተማሪው እንግሊዝኛን ለመያዝ ሌት ተቀን ይደክማል፤ መልካም ያደርጋል። ነገር ግን የፌዴራል ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ታትሞ፤ ሁለቱ ያልተስማሙ እንደ ሆነ የሚጸናው አማርኛው ነው። እንግሊዝኛን ይዞ አማርኛን የጣለ የሕግ ተማሪ ቅርፊቱን ይዞ ፍሬውን የጣለ ነው።

በባምባሲ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለ። በዚያ ወረዳ በርታዎች፤ ማኦዎች፤ ኦሮሞዎች፤ ከሌላ አገር መጥተው የሰፈሩ አማሮችም አብረው ይኖራሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የማኦ ልጅ እንግዲህ በእናቱ ቤት በማኦ ቋንቋ፤ በመሥሪያ ቤት በአማርኛ፤ በዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ ይናገራል። የማኦ ቋንቋ ተናጋሪዎች ጥቂት ናቸውና ልጁ ሲማር ብዙ ጊዜ የሚያፍርበት የእናቱን ቋንቋ ነው። ወላጆችም «ትምህርቱን ያደናቅፈዋል» ብለው ያስተዉታል። ይህን የሚያደርጉ ወላጆች ለልጃቸው የሚያስቡ ቢመስላቸውም ይጐዱታል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ20ኛው አንቀጽ፤ የፍርድ ቤቱን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት መጠየቅ ይችላል ይላል። በዚያው አንቀጽ ክሱ ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት እንዲሰማ ታዝዟል። ስለዚህ የሕግ ተማሪ በክረምት ወደ አገሩ ሲመለስ፤ ከችሎት አዳራሽ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስማት ይችላል። አንድ ሽማግሌ የጎረቤቱን አዝመራ በእሳት አቃጥሏል ተብሎ ቀርቧል እንበል። ሽማግሌው በቋንቋው «የራሴን ማሳ ስጠርግ እሳቱ አመለጠኝ» ይላል። አስተርጓሚው ቸኵሎ «እሳቱን ለቀቅሁት» ብሎ በአማርኛ ያቀርባል። እሳት ያመለጠው ሰውና እሳት የለቀቀ ሰው በሕግ ፊት አንድ አይደሉም፤ አንዱ ሳይጠነቀቅ፤ አንዱ አስቦ ያጠፋ ነውና ቅጣታቸው ይለያያል። ያን ቋንቋ ያልረሳው ተማሪ ሁለቱንም ቃል ሰምቷል፤ ዳኛው ግን የሚጽፈው አስተርጓሚው ያለውን ነው።