የሳምባ ምች መንሥኤ ፍለጋ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። በጽኑ የሳምባ ምች ጊዜ ግን በሽተኛው ምንም ሳይደብቅ ሕመሙ ራሱ መንሥኤውን ይሰውራል። ትኩሳቱ፣ ሳሉ፣ የትንፋሽ ማጠሩና በራጅ የሚታየው ጥላ ከባክቴሪያም ቢመጣ ከቫይረስም ቢመጣ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ጊዜ ሳያጠፋ የባክቴሪያ መድኃኒት ይጀምራል፤ ቫይረስን ግን ይህ መድኃኒት አይነካውም።

አባቶቻችን ሲተርኩት የኖረው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ኢንፍሉዌንዛን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው ይሉ ነበር፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በእንግሊዝ አገር የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በየአገሩ ካለቀው ሕዝብም አብዛኛው የሞተው፣ ቫይረሱ ሳምባውን ካደከመው በኋላ ባክቴሪያ ተከትሎ ስለ ገባበት መሆኑን ኋላ የተደረገው ምርመራ አስረድቷል።

ዛሬ ፒ.ሲ.አር. የተባለው ምርመራ፣ ከአፍንጫ ወይም ከጉሮሮ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ያለውን የቫይረስ ዘር አባዝቶ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያሳያል። በአሜሪካ በቺካጎና በናሽቪል ሆስፒታሎች እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 ተካሂዶ በ2015 የታተመው ጥናት 2,259 የሳምባ ምች ታማሚ ጎልማሶችን መርምሮ፣ በ23 በመቶው ቫይረስ፣ በ11 በመቶው ባክቴሪያ፣ በ3 በመቶው ሁለቱንም አገኘ። በ62 በመቶው ግን ምንም አልተገኘም።

ከዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተራ ጉንፋን የሚያመጣው ራይኖቫይረስ በጤነኛ ሰው አፍንጫም ሊገኝ ስለሚችል፣ መገኘቱ ብቻ ጥፋተኛነቱን አያረጋግጥም። በአንጻሩ ከአፍንጫ የጠፋ ቫይረስ በሳምባ ውስጥ ሊኖር ይችላልና፣ በመተንፈሻ መሣሪያ ለሚረዳ ሕመምተኛ ከታችኛው አየር ቧንቧ የሚወሰደው ናሙና ይመረጣል። ቫይረስ ተገኘ ተብሎም በጽኑ ሕመምተኛ ላይ የባክቴሪያው መድኃኒት ወዲያው አይቋረጥም።

«ታዲያ ምርመራው ምን ይረባል?» የሚል አይጠፋም። ኢንፍሉዌንዛ የራሱ መድኃኒት አለው፤ ይኸውም በቶሎ ሲጀመር ይበልጥ ይጠቅማል። ደግሞም ሕመምተኛው ለብቻው እንዲተኛ ስለሚደረግ የጎረቤት አልጋ ታማሚዎች ይድናሉ።

ኮሮና መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን ከታወቀ ወዲህ በየክልሉ የፒ.ሲ.አር. መሣሪያዎች ተተክለዋል። መሣሪያው ለአንድ ወረርሽኝ ብቻ የተሠራ አይደለም። መመርመሪያው ንጥረ ነገርና የሠለጠነው ባለሙያ ሳይጓደሉ ከቀጠሉ፣ ትንፋሽ አጥሮት ለሚመጣው ጎልማሳም ያገለግላል። ወረርሽኙ አለፈ ብሎ አቧራ ማልበስ ግን በብዙ ሐዘን የተገዛውን ትምህርት መጣል ነው።