የሳንጃ ፍየል አንቲቦዲ ያስፈልጋታል፤ በመርፌ ግን አይደለም

ሰሞኑን ላብራቶሪ ስለሚሠራው አንቲቦዲ ብዙ ስትቀባበሉ አያለሁ። አንዱ ወገን «ለከብቶቻችን ይምጣልን፣ እንውጋቸውና እንገላገል» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሞፈርና ቀንበር ተሸክመን ስለ ላብራቶሪ ምን አገባን» እያለ ይስቃል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። እንደ ልማዴ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። አንቲቦዲ እና አንቲባዮቲክ አንድ አይደሉም። በየገበያው «ኦክሲ» የምንለው ኦክሲቴትራሳይክሊን አንቲባዮቲክ ነው፤ ባክቴሪያን ያጠቃል፣ ቫይረስን ግን ንክች አያደርገውም። አንቲቦዲ ደግሞ የእንስሳው ሰውነት ራሱ በሽታን ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ጥጃ ስትወለድ ይህ ፕሮቲን በደሟ የለም ማለት ይቻላል፤ በማህፀን አይተላለፍላትም። የምታገኘው ከእንገር ነው። አንጀቷ ይህን ተቀብሎ ወደ ደም የሚያሳልፈው ደግሞ ለአንድ ቀን ገደማ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ከሁሉም ይበልጣሉ። ስለዚህ «አንቲቦዲ ከውጭ ይምጣልን» የምትሉ፣ እንገሩን ለቤት አልባችሁ ጥጃዋን ስታስጠብቁ በነፃ የተሰጣችሁን አንቲቦዲ እየጠጣችሁት ነው።

ላብራቶሪ ሠራሹ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1975 ካምብሪጅ ውስጥ ነው። ኮለር እና ሚልስታይን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንቲቦዲ የሚያመርት የአይጥ ሴል ከካንሰር ሴል ጋር አዋሃዱ። የተገኘው ሴል ሳይሞት እየተራባ፣ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ የሚያመርት ሆነ። ሞኖክሎናል የሚባለው እሱ ነው። በ1984 ኖቤል ተሸለሙበት።

እንግዲህ «እንውጋቸው» ለምትሉት። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለጥጃ ተቅማጥ በአፍ የሚሰጥ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ገበያ ላይ ውሎ ነበር። ዛሬ ግን በእንስሳት ሕክምና ገበያውን የያዙት የውሻና የድመት መድኃኒቶች ናቸው፤ ለቆዳ ማሳከክና ለመገጣጠሚያ ሕመም። ለምን? መጠኑ በኪሎ ክብደት ነዋ! አንድ ሰንጋ የስንት ውሻ ክብደት እንዳለው አስሉት። ደግሞም የተወጋው አንቲቦዲ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ከደም ይጠፋል። ክትባት ግን እንስሳዋ ራሷ እንድታመርት ያደርጋታል። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ በአግባቡ ከተሰጠ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይጠብቃል። ታዲያ በምን ሒሳብ ነው በየወሩ መርፌ የምንገዛው?

አሁን ደግሞ «ምን አገባን» ለምትሉት። አያቶቻችን ደስታ ያሉትን የከብት ወረርሽኝ አስታውሱ። በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.፣ ከብቱን ፈጀው፤ በሬ ጠፍቶ መሬቱ ጦም አደረ፣ ሕዝብ በረሃብ አለቀ። ያ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 አፋር ላይ ነው፤ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው።

ያጠፋው ክትባት ነው፤ ልክ ነው። መጥፋቱን ያረጋገጠው ግን የደም ምርመራ ነው። ኤላይዛ በሚባለው በዚያ ምርመራ ውስጥ ደግሞ ዋናው መሣሪያ ላብራቶሪ ሠራሽ አንቲቦዲ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። በፕላስቲክ ሳህን ላይ የቫይረሱ ፕሮቲን ይለጠፋል። የከብቱ ደም ውሃ እና የላብራቶሪው አንቲቦዲ አንድ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ይሽቀዳደማሉ። የከብቱ ቀድሞ ከተቀመጠ የላብራቶሪው ቦታ ያጣል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል። ያኔ ከብቱ አንቲቦዲ አለው ማለት ነው። አንድ ሳህን 96 ጉድጓድ አለው፤ በአንድ ጊዜ የብዙ መንጋ ወሬ ያወጣል። «ሰው ሠራሽ ነገር ከብታችን ውስጥ ሊገባ ነው» ለሚል ሰውም መልሱ ይኸው ነው፤ ከሳህኑ አይወጣም።

አሁን ወደ ሳንጃ እንምጣ። የታች አርማጭሆ ፍየል ትታመማለች፤ ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስል፣ ተቅማጥ፣ ሳል። ደስታ መሰል ሊሆን ይችላል፤ የፍየል ሳንባም ሊሆን ይችላል፤ ጎሮርሳም ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱስ? ለሁሉም ኦክሲ! ተከታይ የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ሲኖር ኦክሲ ቦታ አለው፤ አልክድም። ግን ሳይመረመር የተወጋ ቫይረስ ወደ ጎረቤት መንጋ ይሻገራል፣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምዳል፣ ቅሪቱ በወተትና በሥጋ ወደ ልጆቻችን ይገባል። ናሙና ተወስዶ ሰበታ እስኪደርስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ውጤቱ ቢመጣ እንኳ ፍየሏ የለችም።

የክትባቱም ነገር እንደዚሁ ነው። ክትባት በቆላ ሙቀት በረዶው ካለቀ ኃይሉን ያጣል። መዝገቡ ላይ «ተከትባለች» ይጻፋል፤ ደሟ ውስጥ ግን ምንም የለም። ይህን ደም ሳይመረመር ማን ያውቃል? ገበሬው የሚያውቀው ፍየሎቹ ሲያልቁበት ነው። ከዚያ «ክትባት አይሠራም» ይላል፤ አይፈረድበትም።

ዓለም ደስታ መሰልን እስከ 2030 አጠፋለሁ ብሎ በ2015 አቢጃን ላይ ቃል ገብቷል። እንዲህ እየሠራን ምኑን እናጠፋዋለን?

የምለው ይህ ነው። አንደኛ፣ የዓይን ፈሳሽ ላይ ተሞክሮ በደቂቃዎች ውጤት የሚሰጥ መመርመሪያ አለ፤ እሱም የሚሠራው በዚሁ አንቲቦዲ ነው። ወረዳ ክሊኒክ ድረስ ይድረስ። ሁለተኛ፣ ከዘመቻ በፊትና በኋላ ከጥቂት መንጋዎች ደም ይወሰድ። የአሁኑ ምርመራ የተከተበችውን ከታመመችው ስለማይለይ፣ የትኛዋ መቼ እንደተከተበች በትክክል ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ናሙናው አጠገባችን የሚመረመርበት አቅምና በጀት ይሰጥ። «ድሃ ነን» አትበሉኝ። በግምት መርፌ መግዛትና የሞተ ክትባት መስጠት ነው የሀብታም ቅንጦት።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ አርማጭሆ፣ ጠገዴ፣ ቋራ የምትሠሩ፤ እስኪ ከታች ጻፉልኝ። የወረዳችሁ ክሊኒክ ለመጨረሻ ጊዜ ናሙና የላከው መቼ ነው? ውጤቱስ ለገበሬው ደረሰው?